የቴኳንዶ ታሪክ ጎንደር ላይ ከአሰልጣኝ ወደ ሰልጣኝ እንዴት ይተላለፋል?

ጎንደር ላይ ቴኳንዶ የሚጀምር ልጅ እርግጫ ከመማሩ በፊት ጎንበስ ብሎ ሰላምታ መስጠት ይማራል። ታሪኩም ብዙ ሳይቆይ ይከተላል። ቀበቶ ለመቀየር መምታት ብቻ አይበቃም። ፈታኙ የፓተርኑን ትርጉም ይጠይቃል፤ ልጁ በቃሉ ይመልሳል። ይህ በተለይ የአይ ቲ ኤፍ (የዓለም አቀፉ ቴኳንዶ ፌዴሬሽን) ልማድ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፓተርን ማለት ከሌለ ባላጋራ ጋር የሚደረግ ፍልሚያ ነው። የእያንዳንዱ መከላከልና ምት ተራ አስቀድሞ የታወቀ ነው። በአይ ቲ ኤፍ 24 ፓተርኖች አሉ፤ ቁጥሩ የአንድን ቀን ሰዓታት ይወክላል። ጀማሪው የሚይዘው ቾን-ጂ 19 እንቅስቃሴ አለው፤ ትርጉሙ «ሰማይና ምድር» ነው። ከዚያ ወዲያ ያሉት አብዛኞቹ በሰው ስም ይጠራሉ። መነኩሴ አለ፣ ፈላስፋ አለ፣ አርበኛ አለ።

ለጎንደር ይህ እንግዳ አይደለም። ከተማዋ የአቋቋም ትምህርት ማዕከል ናት። እዚያም ደቀ መዝሙሩ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ፣ የኔታን እያየ፣ እየተሳሳተና እየታረመ ነው የሚማረው። ዜማው ከአካሉ ጋር ይዋሃዳል። ሁለቱን ማወዳደር ድፍረት እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ የማስተማሪያው መንገድ ይመሳሰላል።

በጣም የሚገርመኝ ጁንግ-ጉን የተባለው ፓተርን ነው። 32 እንቅስቃሴ አለው። የተሰየመው በ1909 ሐርቢን ባቡር ጣቢያ ላይ ኢቶ ሂሮቡሚን በጥይት በገደለው በአን ጁንግ-ጉን ነው። ኢቶ ጃፓን ኮሪያን እንዲቆጣጠርላት የሾመችው የመጀመሪያው ሰው ነበር። አን በ1910 በስቅላት ተቀጣ። አሰልጣኙ «32 ዕድሜው ነው» ይላል። ሒሳብ የሚወድ ልጅ ግን ልደቱ 1879 መሆኑን ካወቀ 30 ብቻ ያገኛል። ሁለቱም ልክ ናቸው። በድሮው የኮሪያ አቆጣጠር ሕፃን ሲወለድ አንድ ዓመቱ ነው፤ አዲስ ዓመት በገባ ቁጥር ደግሞ አንድ ይጨመርለታል። ወረራ ምን እንደሆነ ግን እዚህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ልጁ ወደ ልምምድ ሲመጣ ጣሊያን በሠራው ፒያሳ በኩል ያልፋል። በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን ጦር የመጨረሻ ይዞታም ይህችው ጎንደር ነበረች፤ የወደቀችው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው።

በቃል የሚተላለፍ ታሪክ ግን ማጋነን አያጣውም። «ቴኳንዶ 2000 ዓመት አስቆጥሯል» ሲባል ያልሰማ ሰልጣኝ ያለ አይመስለኝም። ስሙ የወጣው በ1955 ነው። ቃኘው ሻለቃ በ1951 ኮሪያ ሲደርስ ስሙ ገና አልነበረም። ስሙን በማውጣት የሚታወቀው ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ጃፓን ሳለ ካራቴ ተምሯል፤ የካራቴው አሻራም በፓተርኖቹ ላይ ይታያል። ከጃፓን አገዛዝ የወጣ ሕዝብ ይህን ጮክ ብሎ አለመናገሩ አይፈረድበትም። ጎበዝ አሰልጣኝ ግን የሚባለውንም የካራቴውንም ታሪክ ይነግራል።

የሚሰማው ታሪክ እንደ ቤቱም ይለያያል። ቾይ አይ ቲ ኤፍን በ1966 አቋቋመ። ዛሬ ወርልድ ቴኳንዶ የሚባለው በ1973 ተመሠረተ፤ ከ2000 ጀምሮ በኦሊምፒክ የሜዳሊያ ውድድር የሚደረገው የዚህኛው ነው። እነሱ ፓተርንን ፑምሴ ይሉታል፤ የጀማሪዎቹም ስም ከሰው ሳይሆን ከጥንታዊ የምሥራቅ ፍልስፍና ምልክቶች የመጣ ነው። አይ ቲ ኤፍ ራሱ ከቾይ ሞት በኋላ ተከፋፍሏል። አንዱ ወገን በሰሜን ኮሪያ ርዕዮተ ዓለም ስም የሚጠራውን ጁ-ቼ የሚለውን ፓተርን ኮ-ዳንግ ብሎታል።

ከቃል ሌላ ደብተር አለ። አዲሱ ልጅ ከነባሩ ይገለብጣል፤ የኮሪያው ስም በእኛ ፊደል ሲጻፍ በየደብተሩ ይለያያል። «ዎን-ህዮ» አንዱ ጋ «ዎንዮ» ነው።

ለጥቁር ቀበቶ የሚዘጋጀው ሰልጣኝ የሚሠራው ቹንግ-ሙ 30 እንቅስቃሴ አለው። በ1598 በባሕር ጦርነት ላይ የወደቀው የአድሚራል ዪ ሱን-ሲን መታሰቢያ ነው። የሚያበቃው በግራ እጅ ጥቃት ነው፤ አድሚራሉ ያለውን ችሎታ ሁሉ ሳያሳይ መሞቱን ለማመልከት። ዳር ተቀምጠው የሚያዩት ትንንሾች ይህን አያውቁም። «ተሳሳተ እንዴ?» ይባባላሉ።