«ካልቀመሰ አይማርም»፦ ስለ ውሻ ሥልጠና የምንሳሳታቸው ነገሮች

በሪሞት ሲታዘዝ በኤሌክትሪክ የሚነዝር የአንገት ማሰሪያ፣ ሲጎተት የሚያንቅ ሰንሰለት፣ ወደ ውስጥ የሾሉ ጥርሶች ያሉት ብረት። ውሻን በሕመም ወይም በድንጋጤ ለማረም የሚሸጡ ዕቃዎች ናቸው። አብረዋቸው የሚመጡት አባባሎች ግን ብዙዎቹ አያስኬዱም።

«ትንሽ ንዝረት ነው፤ ውሻ ሁሉ ይችለዋል»

ትንሽ ለማን? ዶሮ እያባረረ ደሙ የፈላ ውሻ ጆሮውን አርገፍግፎ ያልፈዋል። በዚያው ንዝረት ፈሪው ጭራውን እግሩ መሃል ወሽቆ አልጋ ሥር ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ስትጠሩትም ላይመጣ ይችላል። ቁጡው ደግሞ ዞር ብሎ አጠገቡ ያገኘውን ሊነክስ ይችላል። አጠገቡ ያለው ብዙ ጊዜ የባለቤቱ እግር ነው።

«ለምን እንደተቀጣ ያውቃል፤ ፊቱ ላይ ይታያል»

ውሻ ሕመሙን የሚያያይዘው በዚያች ሰከንድ ከሚያየውና ከሚሰማው ጋር ነው። በር ላይ ሲጮህ ነዘራችሁት እንበል። ልክ ያኔ የጎረቤት ልጅ በብስክሌት ካለፈ፣ የተማረው «አትጩህ» ሳይሆን «ብስክሌት ያማል» ሊሆን ይችላል። በሌላ ቀን ብስክሌቱን ገና ከሩቅ ሲያይ ይዘልበታል። ጆሮውን ጥሎ፣ ዓይኑን ሰብሮ የሚያሳየው «አጥፍቻለሁ» የሚል መልክስ? የውሻ ጠባይ ተመራማሪዋ አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ጥናት፣ መልኩ የሚመጣው ባለቤቱ ሲቆጣ ነው፤ ምንም ያላጠፋ ውሻም ያሳየዋል።

«ማጉረምረም ካቆመ ተገርቷል»

እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። የሚያጉረመርም ውሻ ብዙ ጊዜ «ፈርቻለሁ፣ አትጠጉኝ» እያለ ነው። ስትቀጡት ድምፁ ይጠፋል፤ ፍርሃቱ ግን እዚያው ነው። «ድንገት ነከሰ» ከሚባሉት አንዳንዶቹ ማስጠንቀቅን በቅጣት የተዉ ናቸው። (የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት አገራችን ንክሻ ቀልድ አይደለም። ቁስሉን 15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ ወዲያው ሐኪም ቤት መሄድ ነው።)

«አለቃው ማን እንደሆነ በጉልበት አሳየው»

የሐሳቡ ሥር የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪው ሩዶልፍ ሼንክል እ.ኤ.አ. በ1947 ያወጣው፣ ተይዘው በሚኖሩ ተኩላዎች ላይ የተደረገ ጥናት ነው። በዱር ያለው መንጋ ግን በአብዛኛው እናት፣ አባትና ልጆቻቸው መሆኑን የተኩላ ተመራማሪው ዴቪድ ሜች እ.ኤ.አ. በ1999 ጽፏል። ውሻችሁ ሥልጣን አልፈለገም፤ አጥንቱን ነው የፈለገው።

«ያለ ቅጣት ይሞላቀቃል»

ሳያሳምሙም መከልከል ይቻላል። ዶሮ አሳዳጁን በረጅም ገመድ ያዙት። ስትጠሩት ዞር ካለ ቁራሽ ሥጋ ስጡት፤ እምቢ ካለ ገመዱ ዶሮዋን ያተርፋታል። ዌልስ እንኳ፣ ያ ሁሉ በግና የእረኛ ውሻ እያላት፣ የሚነዝረውን ማሰሪያ እ.ኤ.አ. በ2010 ከልክላለች።

«አንዴ ገዝቼዋለሁ፤ አንገቱ ላይ ይዋል»

አይዋል። ብረቱ ቀኑን ሙሉ ሲጫን ቆዳን ያቆስላል። ለቡችላ፣ ለፈሪ ወይም ነክሶ ለሚያውቅ ውሻማ ጭራሽ አይሁን። ጨዋ የነበረ ውሻ በድንገት ቁጡ ከሆነባችሁ መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ይየው፤ ጆሮው ወይም ዳሌው እያመመው ይሆናል። ሪሞቱን ደግሞ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ቆልፉበት።