«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም»፦ ተረቱና የውጫሌ ሁለት ወረቀቶች

ሰሞኑን ፒያሳ፣ ከዓድዋ መታሰቢያው ብዙም ሳንርቅ፣ ማኪያቶ ይዘን ስለ ውጫሌ ውል እንከራከር ነበር። (በጣልያንኛ በሚጠራ ሰፈር፣ በጣልያንኛ የሚጠራ ቡና እየጠጡ ጣልያንን ማማት የአዲስ አበባ ልጅ ወግ ነው።) አንዱ ጓደኛችን «ጣልያንኛው ያስገድዳል፣ አማርኛው ይፈቅዳል፤ አለቀ!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። ጎናችን ጋዜጣ ያነቡ የነበሩ አዛውንት መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ጣልያንኛውን አይተኸዋል ልጄ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አሉት። ጓደኛችን ሞኝ የተባለው እሱ መስሎት ተኮሳተረ።

ተረቱን የምንጠቀምበት ባብዛኛው ለማስጠንቀቅ ነው። ብር ለሚያበድር፣ ቤት ለሚያከራይ፣ ከወንድሙ ጋር ንግድ ለሚጀምር «በጽሑፍ ይሁን» ለማለት ነው የሚወረወረው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ከሚለው ጋር እንደ መንታ ይታያል። ግን መንታ አይደሉም። ሁለተኛው ጽሑፍን ያከብራል፤ የእኛው ተረት ደግሞ ወረቀትን ወስዶ ከሞኝ ጎን ያስቀምጠዋል። ለምን?

ጨዋታው ያለው «ያዘ» እና «ለቀቀ» ላይ ይመስለኛል። ሞኝ አንድ ሐሳብ ከያዘ ቢመክሩት ቢገስጹት አይለቅም። ወረቀትም የሰፈረበትን ቃል ይዞ ይቀራል፤ ርካሽ ጨርቅ ቀለሙን እንደሚለቅ አይለቅም። ብራና ቢሆን ጸሐፊው የተሳሳተውን በቢላዋ ፍቆ እንደገና ይጽፍበታል፤ ወረቀት ሲፍቁት ይቀደዳል። እንግዲህ ሁለቱን ያገናኛቸው እውነትን መያዛቸው ሳይሆን የያዙትን ሳይመረምሩ አለመልቀቃቸው ነው። ወረቀት ውሸትም ቢጽፉበት ያው ነው።

አዛውንቱ ተረቱን ውጫሌ ላይ መጣላቸው ለዚህ ነው የገጠመኝ። ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። የአማርኛው 17ኛ አንቀጽ ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ትምህርት ቤት የተማርነው ጣልያንኛው «ይገደዳሉ» እንደሚል ነበር። የጣልያንኛው ግስ ግን «ኮንሴንቴ» ነው፤ በጥሬው «ይስማማሉ» ማለት። ሮም ከዚህች ቃል ነው ሙሉ ግዴታ ያወጣችው፤ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ይህንኑ አንቀጽ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታውቃ ኢትዮጵያን ጥገኛዬ ናት አለች። ምኒልክ ጉዳዩ የገባቸው ስለ ንግሣቸው ለአውሮፓ ነገሥታት ጽፈው፣ ከእንግሊዝና ከጀርመን «በኢጣልያ በኩል ይሁን» የሚል መልስ ሲመጣላቸው ነው።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን 19ኛው አንቀጽ ነው። ሁለቱ ቅጂዎች ፍጹም ስለሚስማሙ እኩል ይታመናሉ ይላል! ወረቀቱ ስለ ራሱ የመሰከረው ይህንን ነው፤ ዛሬም ድረስ አለቀቀውም።

ስህተቱ የማን ነው የሚለው እስካሁን ያጨቃጭቃል። አንዳንዱ ጣቱን አስተርጓሚው ግራዝማች ዮሴፍ ላይ ይቀስራል፤ አንዳንዱ በኢጣልያ በኩል የተዋዋለው ኮንት አንቶኔሊ አማርኛውን አሳምሮ ያውቅ ነበር ይላል። በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ስዊድናዊው የታሪክ ምሁር ስቬን ሩቤንሰን እና ጣልያናዊው ካርሎ ጂግሊዮ በዚህች አንድ አንቀጽ ላይ ጥናት በጥናት ተማዘዙ። ሩቤንሰን አንቶኔሊ ሆን ብሎ አታልሏል ሲል፣ ጂግሊዮ ከተንኮል ሊያነጻው ያዘነብል ነበር። እኔ የሩቤንሰን ይበልጥ ያሳምነኛል። አንቶኔሊ በምኒልክ ዘንድ ዓመታት የኖረ ሰው ነው፤ «ይቻላቸዋል» ምን ማለት እንደሆነ ሳይገባው ፈረመ ማለት ይከብደኛል። ግራዝማች ዮሴፍን በሐሜት ብቻ ከሃዲ ማለትም አልወድም።

ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አልቀበልም አሉ። ሮም ግን ወረቀቷን ስላልለቀቀች ነገሩ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ደረሰ፤ ውጫሌ በወረቀት የተሻረውም በጥቅምት 1889 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ በተፈረመው ውል ነው።

ይህን ሁሉ ለጓደኛችን ነገርነው። «ኮንሴንቴ»ን ሦስት ጊዜ አስደገመን፣ ማኪያቶውን ጨለጠ፣ ተነሣ። «ያም ሆነ ይህ፣ ያስገድዳል» አለ።