«አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል»፦ ምሳሌው ስለየትኛው አጥማጅ ነው የሚናገረው?

ወሎ ውስጥ እርቅ ተይዞ፣ አንዱ ወገን የቆየ ቂም እየመዘዘ «ያን ጊዜስ ማን ነበር?» ማለት ሲያበዛ፣ ከአበጋሮቹ (ከአስታራቂ ሽማግሌዎቹ) አንዱ «ተው ልጄ፣ አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ብሎ ያስቆመዋል። ፍቺው አያከራክርም፤ ለትንሽ ጥቅም ብሎ የተኛ ነገር የሚነካካ ሰው ያላሰበውን አደጋ ይቀሰቅሳል ማለት ነው። ብዙዎቻችን ሳናስተውል የምናልፈው ግን አንድ ቃል አለ። ምሳሌው «አሳ አጥማጅ» አይልም፣ «ጎርጓሪ» ነው የሚለው።

መጎርጎር እጅን ወይም እንጨትን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ ሳያዩ በዳሰሳ መፈለግ ነው። ጆሮ ይጎረጎራል፣ ጥርስ ይጎረጎራል። መረብ የሚጥል ወይም መንጠቆ የሚወረውር ሰው አይጎረጉርም። የሚጎረጉረው በበጋ ወንዝ ሲጎድል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በዳርቻው የተቦረቦረውን አፈርና የድንጋዩን ሥር በእጁ የሚዳስሰው ነው። በዚያ ሰዓት እዚያ የሚደበቀው በአብዛኛው አምባዛ ነው። አምባዛ አደኑ ሌሊት ነው፤ ዓይኑ ትንሽ ስለሆነ በጨለማ የሚመራው በአፉ ዙሪያ ባሉት 8 ጢሞች ነው። ቀኑን ጭቃና ጉድጓድ ውስጥ ያሳልፋል። ዘንዶም በቆላው ውኃ አጠገብ መኖር ይወዳል፤ ሌላ እንስሳ ትቶት በሄደው ጉድጓድ ይጠለላል፣ የሚያድነውም በብዛት ሲመሽ ነው። እንግዲህ በቀን ጉድጓድ የሚጎረጉር ሰው ሁለቱም ቤታቸው ባሉበት ሰዓት ነው እጁን የሚሰደው። ምሳሌው የተጋነነ ተረት የማይመስለኝ ለዚህ ነው። ዘንዶ ባይኖር እንኳ በአምባዛው የደረት ክንፍ ፊት ያለው ጠንካራ እሾህ መዳፍ ይበሳል። ቆዳው ሙልጭልጭ ስለሆነ አጥብቀው በያዙት ቁጥር ቁስሉ ይብሳል።

ሰዓት የሚያውቅ አጥማጅ አሳው ራሱ እስኪወጣ ይጠብቃል። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ባለው በሐይቅ ይህ በደንብ ይታያል። ለአምባዛ መንጠቆው ላይ ትል ወይም የሥጋ ቁራጭ ይሰካል፤ ከመሸ በኋላ ከታች መሬቱ ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ያድራል። ክረምት ገብቶ ዳርቻው በጎርፍ ሲሸፈን አምባዛ እንቁላሉን ለመጣል ሌሊት ወደ ጥልቀት አልባው ውኃ ይወጣል፤ ያኔ ማጥመድ የነገን አሳ መጨረስ ስለሆነ መተው ይሻላል። ሌላው አሳ፣ ቆሮሶ (ቲላፒያ)፣ ወደ ሐይቁ የገባው በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው። እሱ ምግቡን በቀን የሚፈልግ አሳ ቢሆንም መረቡ የሚጣለው ከምሽቱ 11 እስከ 12 ሰዓት ነው፤ በቀን ብርሃን ክሩን አይቶ ይሸሸዋል። ሙሉ ጨረቃ በወጣችበት ሌሊት የሚያዘው የሚቀንሰውም ክሩ ስለሚታይ ነው። መረቡ ንጋት 12 ሰዓት ላይ መነሳት አለበት። ፀሐይ እስክትሞቅ ከቆየ መረቡ ውስጥ የሞተው አሳ ሆዱ ይላላል፣ ሥጋው ይለሰልሳል፣ ገበያ ሳይደርስ ይገማል።

ሐይቅ ላይ ጨረቃ ከብርሃኗ በቀር የምታመጣው ለውጥ የለም። ከኮምቦልቻ በሚሌ በኩል የሚወርደው መንገድ አሰብ ላይ የሚደርስበት ባሕር ግን በጨረቃ ይሞላል፣ ይጎድላል። በአብዛኛው የባሕር ዳርቻ ከአንዱ ሙላት እስከ ሌላው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ 3 ሰዓት ላይ የሞላው ነገ 3፡50 ገደማ ላይ ይሞላል። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ልዩነቱ ይሰፋል። ቀይ ባሕር መሃሉ ላይ ለውጡ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ወደ ሁለቱ ጫፎች ግን ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር ይደርሳል። ሜዳማ በሆነ ዳርቻ ይህ ብዙ ቦታ ይሸፍናል። አሳው ሸርጣንና ትል ፍለጋ ከሚሞላው ውኃ ጋር ወደ ዳር ይገባል፤ ሲጎድል በቦዩ በኩል ይመለሳል። አጥማጁም መቆም ያለበት ቦዩ አፍ ላይ ነው። ውኃው ሞልቶ ወይም ጎድሎ ቀጥ ባለበት ጥቂት ጊዜ መንጠቆ የሚነካ ይቀንሳል። የውኃው ፍሰት ከንጋት ወይም ከምሽት ጋር ሲገጥም ደግሞ የሚያዘው ከሁሉም ይበልጣል።

እዚያም ጎርጓሪ አለ። ባሕሩ ሲጎድል የኮራል ድንጋዩ ይገለጣል፤ በቀዳዳው እጁን የሚሰድ ሰው ቀኑን እዚያው ተሸሽጎ የሚውል እባብ መሳይ አሳ ያገኘዋል። ጥርሶቹ ወደ ኋላ የተጎነበሱ ስለሆኑ እጅን በድንጋጤ መሳብ ሥጋውን ይተለትለዋል።

ምሳሌው ያለ ቦታው ሲነገርም እሰማለሁ። የማኅበሩ ሒሳብ ይታይ ያለን አባል «አሳ ጎርጓሪ…» ብሎ ዝም ማሰኘት ልክ አይደለም። እሱ የጠየቀው መዝገቡ በሁሉም ፊት እንዲከፈት ነው፤ እጁን ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ አልከተተም።