«በደሙ አለ» ለሚሉኝ ወላጆች

ጊታር ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በምዝገባ ቀን የምሰማው ንግግር ሁልጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው። አንዱ አባት የልጁን ትከሻ መታ መታ እያደረገ «አያቱ በገና ደርዳሪ ነበሩ፤ በደሙ አለ፤ አንተ ትንሽ መንገዱን አሳየው» ይለኛል። አንዷ እናት ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «በዘራችን ሙዚቀኛ የለም፤ ይሆንለት ይሆን?» ትላለች። ሁለቱም ተሳስተዋል። የሚያደክመኝ ግን የመጀመሪያው ነው፤ ልጁ ቤቱ ገብቶ ጊታሩን እንደማይነካ ከወዲሁ አውቃለሁና።

በአባቴ የኬኒ ሮጀርስና የዶን ዊሊያምስ ካሴቶች ስላደግሁ አብዝቼ የማስተምረው ካንትሪ የሚባለውን የአሜሪካኖቹን የገጠር ሙዚቃ ነው። ስለ እሱ ከሚወራው ጥቃቅኑን ላስቀድም።

«ካንትሪ የነጮች ብቻ ነው።» ባንጆ የሚባለውን ባለ ክር መሣሪያ ወደ አሜሪካ ያመጣው በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ጥበብ ነው። ታላቁን የካንትሪ ዘፋኝ ሃንክ ዊሊያምስንም በልጅነቱ ጊታር ያስተማረው ሩፈስ ፔይን የሚባል፣ አላባማ ውስጥ በየጎዳናው የሚጫወት ጥቁር ሙዚቀኛ ነበር።

«ሦስት ኮርድ የቻለ ካንትሪ ቻለ።» ኮርድ ማለት አብረው የሚመቱ ድምፆች ናቸው፤ ሦስቱን በሁለት ሳምንት አስጨብጣለሁ። ከቀደምቶቹ የካንትሪ ጊታር ተጫዋቾች አንዷ ሜይቤል ካርተር በአውራ ጣቷ ወፍራሞቹን ክሮች እየመታች ዜማውን ስታወጣ፣ በሌላው ጣቷ ቀጫጭኖቹን እየጠረገች ኮርዱን ትይዝ ነበር። ይህን ሁለት ዓመት የተማሩ ልጆችም ገና አልደፈሩትም።

«ሁሉም ስለ መጠጥና ስለ ከዳች ሚስት ነው።» ሌላ ካሴት ግዙ።

አሁን ወደ ዋናው፦ «ከሙዚቃ ቤተሰብ የተወለደ ዘፈን ይወርሳል።» ማስረጃ ብለው የሚጠቅሱልኝ ሁልጊዜ የካንትሪ ዘፋኟንና ጸሐፊዋን ዶሊ ፓርተንን ነው። እሺ፣ እሷኑ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1946 ቴነሲ ተራሮች ላይ ከ12 ልጆች አራተኛ ሆና ተወለደች። እናቷ ጥንታዊ የትረካ ዘፈኖችን ታንጎራጉራለች፤ አያቷ ሰባኪ ስለነበሩ በቤተ ክርስቲያናቸው ሰው ፊት መዘመር ለምዳለች፤ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆናት አጎቷ ቢል ኦውንስ ጊታር ሰጣት። ቤተሰቡ የሰጠው ይኸው ነው፦ ጆሮ፣ አድማጭና መሣሪያ። ቀላል አይደለም፤ ዘፈን ግን አይደለም።

ዘፈኑን እሷ ሠራችው። ፊደል ሳትቆጥር ከበቆሎ ቆረቆንዳ ስለተሠራች አሻንጉሊቷ ግጥም አወጣች፤ እናቷ በወረቀት ጻፈችላት። ከአጎቷ ጋር የጻፈችው የመጀመሪያ ሸክላዋ በ1959 ሲወጣ 13 ዓመቷ ነበር፤ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። በ1964 ሁለተኛ ደረጃን ጨርሳ በማግስቱ የካንትሪ መናኸሪያ ወደሆነችው ከተማ ናሽቪል ገባች። እዚያም መጀመሪያ የተሰማው ድምፅዋ ሳይሆን ግጥሟና ዜማዋ ነበር፤ በ1966 ከአጎቷ ጋር የጻፈችውን ዘፈን ቢል ፊሊፕስ የሚባል ዘፋኝ ዘፍኖ ታወቀበት። የራሷ የመጀመሪያ አልበም የወጣው በ1967 ነው። ከቆረቆንዳዋ አሻንጉሊት እስከዚህ ያለውን ዓመት ቁጠሩልኝ።

እናቷ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ስለሰፋችላት ኮት የዘፈነችውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ያን ኮት ለብሳ ትምህርት ቤት ስትሄድ ልጆች ሳቁባት። ዘፈኑን የጻፈችው በ1969 ለዝግጅት ሲጓዙ አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ ወረቀት አጥታ የባልደረባዋ የፖርተር ዋጎነር ልብስ ከላውንደሪ የወጣበት ደረሰኝ ላይ። እናትየዋ ኮቱን ሰፋች። ዘፈኑን ያን ሳቅ ዓመታት ይዛ የዞረችው ልጅ ጻፈችው።

«በዘራችን የለም» ላለችኝ እናት ደግሞ ክሪስ ክሪስቶፈርሰን አለላት። አባቱ የአየር ኃይል ጄኔራል፤ ራሱ ኦክስፎርድ የተማረ መኮንን። ውትድርናውን ትቶ ናሽቪል ስቱዲዮ ውስጥ ወለል ጠራጊ ሆነ፤ ቤተሰቡ ፊቱን አዞረበት። ከታላላቆቹ የካንትሪ ዘፈን ጸሐፊዎች አንዱ ይኸው ሰው ነው።

ስለዚህ አያቱን ለእኔ አትንገሩኝ፤ ልጁን የሰው ዘፈን በቃሉ አስጠኑት፤ ሃምሳ ይሁን፣ ግጥሙን ከነአዝማቹ። ደብተር ግዙለት። ጥፍሩንም ቁረጡለት፤ በረጅም ጥፍር ክር አይያዝም።

አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ ዓመት ሙሉ ስለማያውቀው የቴክሳስ ባቡር ሲገጥም የከረመ። አንድ ቀን «እናትህ ምን ትሠራለች?» አልኩት። እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። በሚቀጥለው ሳምንት አራት ስንኝ ይዞ መጣ፦ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ ሊጡ ምጣድ ላይ ሲዞር የሚሰማው ሽታ ሳይሆን «ሽሽ» የሚል ድምፅ፣ በጭስ የቀላ ዓይን። ቤት መምታቱ ሁለት ቦታ ይንገዳገዳል። ለእናቱ ዘፈነላት፤ «ምነው ልጄ፣ ጭሴን ለሰው ታወራለህ?» ብላ ተቆጣችው አሉ፤ ከዚያ ሦስተኛው ስንኝ ላይ የምጣዱን ማሰሻ እንደረሳ ነገረችው።