ስለ ካታሊስት እና ስለ ስኳር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ካታሊስትን፣ ማለትም ሪአክሽንን (ኬሚካላዊ ለውጥን) የሚያፈጥን ግን ራሱ የማያልቅ ነገርን፣ ለመረዳት ከስኳር የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፣ ግን ሁለቱም ላይ የሚወራው ስህተት ብዙ ነው፣ ስለዚ አንድ በአንድ እንያቸው።

"ስኳር ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ይፈርሳል።"
አይፈርስም! ሞለኪዩሎቹ ውሃው ውስጥ ተበተኑ እንጂ አልተሰበሩም። ሱክሮስ፣ ማለትም የተለመደው ነጭ ስኳር፣ ራሱ ቀላል ስኳር አይደለም፣ ግሉኮስ እና ፍሩክቶስ ተያይዘው ነው የሰሩት፣ እና ንፁህ ውሃ ብቻውን በክፍል ሙቀት ግማሹን እስኪለያይ በመቶዎች የሚቆጠር አመት ይፈጅበታል። ትንሽ አሲድ ጨምራችሁ ብታሞቁት ግን ቶሎ ይለያያል፣ ኢንቨርቴዝ የሚባለው ኢንዛይም (ህያው ነገሮች የሚሰሩት ካታሊስት) ደሞ ማፍላትም አያስፈልገው።

"ካታሊስት ሪአክሽኑ ውስጥ አይገባም።"
ይሄ "አያልቅም" የሚለውን በደንብ ካለመረዳት የመጣ ነው። ይገባል እንጂ፣ ገብቶ ይወጣል። የአሲዱ ሃይድሮጅን አዮን ሁለቱን ስኳሮች ያያያዘው ኦክስጅን ላይ ይለጠፋል፣ ማያያዣው ይላላና ይበጠሳል፣ ውሃ ይገባበታል፣ መጨረሻ ላይ አዮኑ ተመልሶ ይለቀቃል፣ ከዛ ወደ ሌላው ሞለኪዩል። ኪርኾፍ የሚባለው ኬሚስት በ1810ዎቹ መጀመሪያ ስታርችን (ብዙ ግሉኮስ ተያይዞ የተሰራውን) በቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ አፍልቶ ወደ ስኳር ቀይሮታል፣ አሲዱ ግን ሳይቀንስ ነው የተገኘው። በርዜሊየስ የሚባለው የስዊድን ኬሚስት በ1835 "ካታሊስስ" የሚለውን ስም ሲያወጣ እንዲህ አይነት ሙከራዎችን አይቶ ነው።

"ካታሊስት ከተጨመረ ብዙ ምርት ይገኛል።"
እኔ በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው፣ ፈተና ላይም ብዙ ሰው የሚስትበት። ግሉኮስን ወደ ፍሩክቶስ የሚቀይር ኢንዛይም አለ፣ ግሉኮስ አይሶሜሬዝ ይባላል፣ የፈለጋችሁትን ያህል ብትጨምሩበት ግማሽ አካባቢ ሲደርስ መጠኑ መለወጡን ያቆማል፣ ምክንያቱም ፍሩክቶሱንም ወደ ግሉኮስ እኩል እያፈጠነ ይመልሰዋል። ካታሊስት የሚቀንሰው ሪአክሽኑ ለመጀመር የሚያስፈልገውን ኢነርጂ ነው፣ ቶሎ ያደርሳችኋል፣ የምትደርሱበትን ቦታ ግን አይቀይርም። ተጨማሪ ፍሩክቶስ የፈለገ ሰው ፍሩክቶሱን እየለየ ማውጣት አለበት።

"ኢንዛይም ከህያው ሴል ውጪ አይሰራም።"
በ1897 ቡክነር የሚባለው የጀርመን ኬሚስት እርሾን ፈጭቶ ጨመቀና አንድም ህያው ሴል የሌለበት ፈሳሽ አገኘ፣ ስኳር ሲጨምርበት ፈሳሹ አረፋ እያወጣ ስኳሩን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀየረው። በ1907 በኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለመው በዚህ ስራ ነው።