ሮዳጅ ምንድን ነው? አዲስ ሞተር «ይከፈታል» ስለሚባለው ነገር

«መኪናው ገና አልተከፈተም፤ 1000 ኪሎ ሜትር እስኪሞላ ከ60 አታሳልፈው፤ ከዚያ በኋላ ጉልበቱን ታየዋለህ።» ይህን ምክር በተለያየ አባባል ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በቅርቡም አንድ አስተያየት ሰጪ ይኸንኑ በሙሉ ልብ ከጻፈ በኋላ፣ መኪናውን ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ሲያመጣው ሞተሩ መንገድ ላይ «እንደተከፈተለት» በማስረጃነት አቅርቧል። ምክሩ ከሥረ መሠረቱ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ማስተባበሉ ቀላል ነበር፤ ያስቸገረው ትክክለኛ ቁጥርን ከተሳሳተ ምክንያት ጋር ማጣመሩ ነው።

ሮዳጅ በዋናነት የፒስቶን ፋሻዎች (በፒስቶኑ ዙሪያ የሚገቡት የብረት ቀለበቶች) እና የሲሊንደሩ ግድግዳ እርስ በርስ ተፋጭተው ልክ የሚይዙበት ጊዜ ነው። ፋብሪካም ሆነ ቶርኖ ቤት የሲሊንደሩን ግድግዳ ሆን ብሎ በተጠላለፉ ጭረቶች ያሻክረዋል፤ የጭረቶቹ ጫፍ በፋሻው እየተላገ ሲሄድ ጎድጓዳው ክፍል ይቀርና ዘይት ይይዛል። እስከዚህ ድረስ አስተያየት ሰጪው የሚቃወመኝ አይመስለኝም። የዘነጋው፣ ፋሻውን ወደ ግድግዳው የሚገፋው ኃይል ከየት እንደሚመጣ ነው። ፋሻው በራሱ መለጠጥ የሚያሳድረው ጫና አነስተኛ ነው፤ ትልቁ ኃይል የቃጠሎው ሲሆን፣ የጋዙ ግፊት ከላይኛው ፋሻ በስተጀርባ ባለው ክፍተት ገብቶ ወደ ውጭ ይገፋዋል። (ዘይት ጠራጊው ፋሻ በራሱ ስፕሪንግ ስለሚሠራ ይህ እሱን አይመለከትም።) ስለዚህ ሞተሩ በቂ ሥራ ካልተሰጠው የቃጠሎው ግፊት ያንሳል፣ ፋሻውም ከግድግዳው ጋር እንደሚገባው አይፋጭም። በ60 እየተንሳፈፈ የሚሄድ መኪና ሞተር ከአቅሙ ጥቂቱን ብቻ ነው የሚጠቀመው።

ነገሩን ከአዲስ ምጣድ ማሟሸት ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ምጣድ ሲሟሽ እሳቱ በአንድ ጊዜ አይለቀቅም፤ ይሰነጠቃልና። ነገር ግን እሳቱ እጅግ ካነሰ ጎመን ዘሩ ከገጹ ላይ ይቀራል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ቀኑን ሙሉ ሲታሽ የዋለው ምጣድም የመጀመሪያውን እንጀራ ይዞ ይቀራል። ሞተርም እንዲሁ መጠነኛ፣ ደግሞም ከፍ ዝቅ የሚል እሳት ይሻል። ንጽጽሩን ትንሽ ልለጥጠውና፣ የዛሬዎቹ ሲሊንደሮች ፋብሪካ ውስጥ ጫፋቸው አስቀድሞ ስለሚላግ በከፊል ተሟሽቶ እንደሚሸጥ ምጣድ ናቸው፤ የቀድሞ ባለመኪኖች የነገሩን ረጅም ጥንቃቄ በአብዛኛው የተወረሰው ከጥሬው ምጣድ ዘመን ነው። በአንድ ነገር ግን ምጣዱና ሲሊንደሩ ይለያያሉ። ምጣዱ ቀዳዳው በዘይት ሲደፈን ያምርበታል፤ የሲሊንደሩ ጎድጓዳ ጭረት ግን በተቃጠለ ዘይት ከተደፈነ ግድግዳው እንደ መስታወት ያብለጨልጭና ፋሻው የሚፋጭበት ነገር ያጣል። ያ ሞተር ዘይት ይበላል፣ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፤ መፍትሔውም ብዙ ጊዜ ሞተሩን አውርዶ ግድግዳውን እንደገና ማሻከር ነው።

አሁን ጉልበት ወደሚባለው እንምጣ። በሮዳጅ ጊዜ የሚታየው ለውጥ እውነት ቢሆንም መጠነኛ ነው። ፋሻው ሲቀመጥ፣ ማለትም ከግድግዳው ጋር ልክ ሲይዝ፣ ወደ ዘይት ቋቱ የሚያመልጠው ጋዝ ይቀንሳል፣ የውስጥ ሰበቃው ይቀላል፣ የዘይት ፍጆታውም ይወርዳል። የሚገኘው የነዳጅ ቁጠባ በጥቂት በመቶ የሚቆጠር ነው፤ አስተያየት ሰጪው እንደሚለው «ሌላ መኪና» የሚያደርግ አይደለም። ከዚህም በላይ ለውጡ 1000 ላይ በር እንደሚከፈት በድንገት አይመጣም። ትልቁ የፋሻ ሥራ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲከናወን፣ የቀረው ሰበቃ በሺዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ቀስ እያለ ይረግባል። በአውሮፓ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የነዳጅ ፍጆታ መለኪያ ሥርዓት የሚፈተነው መኪና አስቀድሞ ከ3000 እስከ 15000 ኪሎ ሜትር እንዲነዳ የሚያዘውም አዲስ ሞተር ገና ያልረገበ መሆኑ ስለሚታወቅ ነው።

ታዲያ ሰውየው መንገድ ላይ የተሰማው ምን ነበር? አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2300 ሜትርን ስታልፍ፣ አዳማ ከ1600 እስከ 1700 ሜትር ላይ ናት። በዚህ ልዩነት ብቻ የአየሩ እፍጋት ወደ 7 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተርም የሚያገኘው አየር በዚያው መጠን ስለሚበዛ ጉልበቱ አብሮ ያድጋል። በዚያ ላይ ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳው ፈጣን መንገድ በጥቅሉ ቁልቁል ነው። ቁልቁለትና የተሻለ አየር አንድ ላይ ሲመጡ አሥር ዓመት ያገለገለ ሞተርም «ይከፈታል»፤ ሲመለስ ደግሞ መልሶ ይዘጋል። ይህን ለማረጋገጥ ወደ አዲስ አበባ አንድ ጊዜ መውጣት ይበቃል። ሌላም አለ፦ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸው ብዙ መኪኖች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የማርሽ አቀያየራቸውን ያስተካክላሉ፤ ነጂውም የፔዳሉን ጠባይ ይለምዳል። እነዚህ ሁሉ ከፋሻው ጋር ግንኙነት ሳይኖራቸው ምስጋናውን ለሮዳጅ ያስገኛሉ።

ይኸው ፈጣን መንገድ ለሮዳጅ የማይመች መሆኑ ደግሞ የሚገርም ነው። ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት በአንድ ፍጥነት፣ በአንድ ማርሽ፣ በአንድ የሞተር ዙር መሄድ ፋሻውን በአንድ ዓይነት ጫና ብቻ ያሠራዋል። ብዙ የቶዮታ መመሪያ መጻሕፍት በመጀመሪያዎቹ 1000 ኪሎ ሜትር እጅግ በከፍተኛ ፍጥነት መሄድንና ድንገት ነዳጅ መርገጥን እንደሚከለክሉ ሁሉ፣ ለረጅም ጊዜ በአንድ ፍጥነት መንዳትንም ይከለክላሉ። እንግዲህ 1000 የሚለው ቁጥር ከመጽሐፉ ተወስዶ ትእዛዙ ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቷል። በእኔ ግምት ለአዳማ ነጂ የተሻለው የአሰላ መንገድ ነው፤ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ በጠቅላላው ወደ 800 ሜትር ስለሚወጣ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ዳገቱን በመካከለኛ ዙር ሳይጨናነቅ ጫና እየሰጡ መውጣት፣ ሲመለሱም እግርን ከነዳጅ አንስቶ በማርሽ መውረድ ይቻላል። በቤንዚን ሞተር በቁልቁለቱ ጊዜ የሚፈጠረው የመሳብ ኃይል ጥቂት ዘይት ወደ ፋሻዎቹ ስቦ የተላገውን ብናኝ ለማጠብ ያግዛል። ናፍጣ ሞተር ላይ ይህ የመሳብ ኃይል እምብዛም አይጠበቅም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ወርዶ የታደሰ ሞተርን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ፣ በዝቅተኛው ዙር) አስነስቶ ቀኑን ሙሉ ማዋል ነው፤ «እንዲላመድ» ይባላል። ሞተሩ ያለ ጫና ሲዞር ዘይቱ ከግድግዳው ላይ በአግባቡ አይጠረግም፣ እየጋገረም መስታወቱን ይሠራል። ጀነሬተር ያላቸው ሰዎችም ልብ ሊሉት ይገባል፤ ትልቅ የናፍጣ ጀነሬተር ለጥቂት አምፖል ብቻ ለወራት ሲሠራ የሚደርስበት ጉዳት ይኸው ነው።

ይህን ስል አዲስ ሞተርን እስከ ጥግ መርገጥ ይገባል ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በተቃራኒው ወገን «ካልገረፍከው ሰነፍ ይሆናል» የሚሉ አሉ፤ ቀዝቃዛ ሞተርን መግረፍ ግን ፒስቶኑን ከግድግዳው ጋር ሊያጣብቅ ይችላል። አዲስ ፍሬንም የራሱ ሮዳጅ አለው፤ በመጀመሪያዎቹ 300 ኪሎ ሜትር ድንገት እንዳይያዝ የሚመከረው ለዚሁ ነው። ዘይትን በተመለከተ፣ ሆንዳ ፋብሪካው የሞላውን ዘይት ከተወሰነለት ጊዜ ቀድሞ እንዳይቀየር ያሳስባል፤ ጋራዥ ውስጥ ለታደሰ ሞተር ግን ብናኙ ስለሚበዛ ዘይቱንና ፊልትሮውን ቶሎ መቀየር ተገቢ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ይህ ምክር በይበልጥ የሚያስፈልገው ለታደሰ ሞተር ባለቤት ሆኗል። የኤሌክትሪክ መኪና ፋሻ የለውም፤ ገዢውን «ሞተሩ ሮዳጅ ላይ ነው» ብሎ ማስጨነቅ ትርጉም የለውም።

ሮዳጁ መሳካቱን የሚያሳየው የዘይት መለኪያው ዘንግ ነው። ሞተሩ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ዘይት ቢቀንስና ኋላ ቢያቆም ፋሻው ተቀምጧል፤ ከብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላም መቀነሱን ካላቆመ ኮምፕሬሽን (ፒስቶኑ አየሩን ሲጨምቅ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት) ይለካ። የመጽሐፉ ቁጥር ብዙ ጊዜ ለባሕር ጠለል የተሰላ ስለሆነ አዳማ ላይ ንባቡ ከ15 እስከ 20 በመቶ ዝቅ ቢል አያስደነግጥም። መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ ካነሰ በዚያ ሲሊንደር አፍ ጥቂት ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ያስፈልጋል። ንባቡ ከፍ ካለ ጥፋቱ የፋሻው ነው፤ ካልተነቃነቀ ግን ሞተሩን ለማውረድ ከመቸኮል በፊት ባልቦላው (የሲሊንደሩ አየር ማስገቢያና ጭስ ማውጫ ክዳን) ይመርመር።