ባዮሎጂካል የልብ ቫልቭ፦ ከተተካ በኋላ የሚከተሉ ችግሮችና ዳግም ቀዶ ሕክምና

ቫልቭ ደም በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲፈስ የሚያደርግ የልብ በር ነው፤ የተጎዳውን የሚተካው ባዮሎጂካል ቫልቭ ከአሳማ የልብ ቫልቭ ወይም ከከብት የልብ ሽፋን ይሠራል። በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ ቫልቭ የሚያስፈልጋቸው ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ቫልቫቸውን የጎዳው በልጅነት ሳይታከም ከቀረ የጉሮሮ ኢንፌክሽን የሚነሣው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። አሳማ በማይበላበት አካባቢ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ስለ ቫልቩ ምንጭ ቢጠይቅ አያስገርምም፤ የከብቱ አማራጭ መኖሩ ጉዳዩን ያቀለዋል።

ሌላው አማራጭ፣ ሜካኒካል የሆነው ሰው ሠራሽ ቫልቭ፣ ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ዋርፋሪን ዕድሜ ልክ ያስወስዳል። በጾም ወራት ጎመን በድንገት ሲበዛ የዚህ መድኃኒት ኃይል ይቀንሳል፤ ለፅንስም አደገኛ ነው። ስለዚህ መውለድ የምትፈልግ ሴት ባዮሎጂካሉን ልትመርጥ ትችላለች። የባዮሎጂካሉ ችግር ማርጀቱ ነው። በአረጋውያን ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ያገለግላል፤ በወጣቶች ግን ካልሲየም ቶሎ ይጋገርበታል፤ የሩማቲክ ሕመም አብዝቶ በሚያጠቃው በሚትራል ቦታ (በግራ የልብ ክፍል በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል) ደግሞ ደም ከልብ ወደ ሰውነት ከሚወጣበት ከአኦርቲኩ ቦታ ፈጥኖ ያረጃል። በ20ዎቹ ዕድሜ ላይ ያለች ታካሚ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምናንም አብራ እንደመረጠች ከመጀመሪያው በግልጽ ሊነገራት ይገባል።

ቫልቩ ሲደድር ወይም ሲቀደድ ትንፋሽ ያጥራል፣ እግር ያብጣል። የደም መርጋትና ቫልቩ በተሰፋበት ጠርዝ ደም ሾልኮ ወደ ኋላ መመለሱም አለ። ከሁሉ የሚያሳስበው ግን የቫልቭ ኢንፌክሽን ነው። ወባ በሚታወቅበት በሐይቁ ዳርቻ ትኩሳት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው፤ ቫልቭ የተተካለት ሰው ግን ከወባ ምርመራው ጎን ለጎን አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ደሙ ለባክቴሪያ ሊመረመር ይገባል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ እንክብል ምርመራውን ያሳስታል።

በባሕር ዳር ትላልቆቹ የመንግሥት ሆስፒታሎች ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ናቸው። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ማዕከል ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በዚህ ርቀት ላይ ቫልቩን በልብ አልትራሳውንድ በየጊዜው መከታተል ቀዳሚ ጉዳይ ነው። ዳግም ቀዶ ሕክምና ከመጀመሪያው ይከብዳል፦ ልብ ከደረት አጥንት ጋር በጠባሳ ስለሚጣበቅ አጥንቱ ሲከፈት ልብ ወይም ትልቅ የደም ሥር ሊጎዳ ይችላል። ታካሚው ልቡ ከደከመ በኋላ በአስቸኳይ ከገባ አደጋው በእጅጉ ይጨምራል።

ደረት ሳይከፈት በብሽሽት የደም ሥር ገብቶ በአሮጌው ቫልቭ ውስጥ አዲስ ማስቀመጥም ይቻላል፤ መሣሪያው ግን ውድ ነው። ለዚህ የቀድሞው ቫልቭ ዓይነትና መጠን መታወቅ አለበት፤ ስለዚህ ይህን የያዘው ካርድ ከመታወቂያ እኩል ሊጠበቅ ይገባል።